ከቱታው የተራገፈ አቧራ

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ዱቄቱ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ወፍጮ ቤት ግን አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ጉልበቱ ሳይከዳው በፊት የጣሪያ ክዳን ፋብሪካ ውስጥ የመጋዝ ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። ከሲሚንቶና ከአስቤስቶስ ተቦክቶ የደረቀውን ግራጫ ክዳን በልክ በልኩ ሲቆርጥ ይውልና፣ ከሥራ ሲወጣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሰፈር ልጆች ከሩቅ ሲያዩት «ዱቄቱ መጣ» እያሉ ይከተሉት ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ማሽኖቹ ተነቃቅለው ሄደዋል፣ ግቢውም የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ሚስቱ ይህን ስም ጠምዳ ይዛው ኖራለች። «እኔ እንደዚያ እያጠብኩህ አንተን ዱቄት ማለት እኔን መስደብ ነው» ትለዋለች። በጽዳት ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። እሷ ቤት ሲገባ ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው፤ ድስቷ ከውስጡ ይልቅ ከውጭው ያበራል፤ አንሶላዋ ገመድ ላይ ሲውል የጎረቤት ሴቶች የራሳቸውን ወደ ጓሮ ያዞሩታል።

ሕመሙ የጀመራትም ልብስ ስታሰጣ ነው። አንሶላውን ገመዱ ላይ ወርውራ ሌላኛውን ጫፍ ልትስብ ስትል ትንፋሽ አጠራት። ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ይዛ ሲያያት ባሏ ጠጋ አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«ብርድ ነው። ሂድ ወዲያ፣ እንደ ሕፃን አትጠብቀኝ።»

ሄደ። ሚስቱ ታማ ተኝታ አይቷት ስለማያውቅ፣ ሕመም እሷን የሚደፍር አይመስለውም ነበር።

ብርዱ ግን አልወጣ አለ። ቀኝ ጎኗን ይወጋት ጀመር። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሦስት አራት ቦታ መቆም አመጣች፤ ሰው እንዳይጠረጥራት ደግሞ ስትቆም የሆነ ሱቅ መስኮት የምታይ ትመስላለች። ሥጋዋም ከላይዋ አለቀ። ብቸኛ ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከእነሱ ቤት ብዙም አይርቅም። የእናቷን ቀሚሶች አንድ ጊዜ አጠበበችላት፣ ደገመች። እናትየዋ ለሦስተኛ ጊዜ ይዛ ስትመጣ ልጅቷ መቀሷን አስቀመጠችና «እማዬ፣ ይሄ የቀሚስ ነገር አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት ነን» አለቻት።

ጤና ጣቢያው በመርፌ ከጀርባዋ ውሃ ቀዳላት። ያን ያህል ውሃ ከሰው ደረት ይወጣል ብሎ ዱቄቱ አስቦ አያውቅም። የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መድኃኒት ተጀመረላት። ሽንቷን ቀይ የሚያደርግ፣ ምግብ የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፤ አንድም ቀን ሳታጎድል ዋጠችው። ወራት አለፉ። ውሃው ተመልሶ ሞላ። ቀዱላት፤ እንደገና ሞላ። መድኃኒቱ እንዳልያዘላት ሲገባቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ ሳንባ ሐኪም ላኳት።

ሐኪሟ የልጃቸው እኩያ ብትሆን ነው። የደረቷን የራጅ ፊልም የመብራት ሰሌዳው ላይ ሰክታ ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሕመምተኛዋ ስባ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«የቤት እመቤት ነኝ።»

«ከቤት ውጭ ሠርተው አያውቁም? ፋብሪካ፣ ግንባታ፣ ምናምን?»

«ኧረ ልጄ፣ ጓሮዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ።»

ሐኪሟ ወደ ዱቄቱ ዞረች። «እርስዎስ አባት?»

«አሁን ጡረታ ነኝ። ድሮ ጣሪያ ክዳን ፋብሪካ ነበርኩ፤ መጋዝ ላይ።»

«የአስቤስቶስ ክዳን?»

«አዎ።»

«የሥራ ልብስዎንስ ፋብሪካው ነበር የሚያጥበው?»

ዱቄቱ አፉን ሳይከፍት ሚስቱ ቀደመችው። ይሄ ጥያቄ የሷ ነው። «ማን ያጥባል ብለሽ ነው፣ እኔ ነኛ» አለች። ከታመመች ወዲህ ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አያውቅም። «ያንን ቱታ አይተሽው ቢሆን ልጄ። እንደ ድንጋይ ነው የሚከብደው። ሲሚንቶ ስላለው ዝም ብለሽ ውሃ ውስጥ ከከተትሽው ጭቃ ይሆንብሻል። እኔ ግን ዘዴውን አውቅበት ነበር። መጀመሪያ ጓሮ ይዤው እወጣና ግድግዳው ላይ ደህና አድርጌ እመታዋለሁ። ብናኙ እንደ ጉም ነው የሚነሳው። ኪሱን እገለብጣለሁ፣ እጅጌውን እገለብጣለሁ። የሌሎቹ ሚስቶች ቱታ ቶሎ ቶሎ ይቀደድባቸዋል፤ የኔ ግን ዓመቱን ሙሉ አዲስ ነበር።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ዱቄቱ እስክሪብቶዋን ነው ያየው። ወረቀቱ ላይ እንደተደገፈ፣ አንድ ቃል መሐል ላይ ቀርቶ ነበር።

«ጎበዝ ነበሩ እናቴ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። ከዚያ ስለሚደረገው ምርመራ መንገር ጀመረች።

ከጎኗ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ የደረሰ ቀን እሷ ደክሟት ቤት ቀረች፤ አባትና ልጅ ብቻ ሄዱ። ሐኪሟ በሩን ዘግታ አስቀመጠቻቸው። ነቀርሳ አይደለም አለቻቸው። ካንሰር ነው፤ እሱም ሳንባው ላይ ሳይሆን ሳንባን እንደ ልብስ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ የሚወጣ ካንሰር። ይህ ዓይነቱ ከአስቤስቶስ ውጭ በሌላ ነገር የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው አለች።

«እንዴት አድርጎ?» አለች ልጅቷ።

«አስቤስቶስ ድንጋይ ነው፤ ግን እንደ ጥጥ የሚተለተል ድንጋይ። ሲቆረጥ፣ ሲፈጭ፣ ሲራገፍ ዓይን የማያየው ክር ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሰው ሲተነፍሰው ይገባል። ከገባ በኋላ አይሟሟም፤ አብዛኛው እንደገባ ይቀራል። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ምንም ሳያሳይ ይቀመጥና አንድ ቀን እንዲህ ይሆናል።»

ዱቄቱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። «ማሽኑ ላይ የቆምኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ አባት።»

«እሷ ፋብሪካውን በበሩ እንኳ አልፋ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ የዋጥኩት እኔ ነኝ። እኔ ደህና ነኝ እኮ።»

«የእርስዎንም ፊልም አነሣለሁ። ግን አንዱን ይዞ አንዱን የሚተውበትን ምክንያት ልነግርዎ አልችልም። እስካሁን ያወቀው ሰው የለም።»

«ይድናል?»

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ አየች፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች። ውሃውን እየቀዱ ትንፋሽዋን ማቅለል፣ ሕመሙን ማስታገስ እንደሚቻል፤ ማዳን ግን እንደማይቻል ነገረችው። ዓመት ከቆየች ረጅም ነው አለች።

ሊወጡ ሲነሱ ዱቄቱ በሩን ይዞ ቆመ። «ይሄ ነገር መቼ ነው የታወቀው?»

«ሚስቶችንም እንደሚገድል?»

«አዎ።»

«ከተጻፈ ቆይቷል» አለች። የፋብሪካ ዘመኑን ጠይቃው ስለነበር ትንሽ አመነታች። «እርስዎ ማሽኑ ላይ ሳይቆሙ በፊት ነው የተጻፈው።»

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ዱቄቱ አላለቀሰም። እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃትና «ለእናትሽ አንነግራትም» አለ።

«አባዬ፣ የራሷ ደረት እኮ ነው።»

«የሚያሳስበኝ የደረቷ መታመም አይደለም። እንዴት እንደመጣ ከሰማች እኮ…» ቃሉን አልጨረሰውም። «ያን ቱታ ስታወራ ፊቷን አላየሽውም። በዚህች ምድር ላይ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ያ ነው። ያንን ልቀማት?»

ልጅቷ ተከተለችው። ቤት ሲደርሱ «ውሃ የመቋጠር በሽታ ነው አሉ፣ እየቀዱ ያስታምሙታል» አላት። ሚስቱ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። «እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ራሱን መብላት ጀመረ። ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ተቀምጦ ፋብሪካውን በሐሳቡ እየገባ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ ድሮ ያየው ነው፤ ያን ጊዜ ያየው ግን አሁን ነው የሚገባው። ሠራተኛው ሁሉ በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ወተት ይሰጠው ነበር፤ «ጠጡት፣ አቧራውን ከጉሮሮ ያጥባል» ይባላል። አቧራው ምንም ካልሆነ ለምን ወተት? አልጠየቀም። እንዲያውም የራሱን አይጠጣውም ነበር፤ ቱታው ኪስ ውስጥ ከትቶ ለልጁ ይወስድላታል። እሷም በር ላይ ጠብቃ እየሮጠች ጉልበቱ ላይ ትጠመጠማለች፤ ጠርሙሱን ለማውጣት ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ ኪሱ ውስጥ ትከታለች። እዚህ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ይነሳል።

ደግሞ አቧራ ሊለኩ የመጡት ሰዎች ትዝ ይሉታል። ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ትንሽ ሳጥን ይዘው ነው የመጡት። ያን ቀን ጠዋት ወለሉ በውሃ ታጥቦ፣ ከመጋዞቹ አንዷ ብቻ ትሠራ ነበር። ሠራተኛው ተሳስቆ፣ ጊዜ አገኘሁ ብሎ ጥላ ሥር ካርታ ተጫወተ። እሱም ተጫውቷል።

ሰው ሲናደድ የሚናደድበት ሰው ይፈልጋል። ዱቄቱም አንድ ቀን ተነሥቶ የድሮ ካቦውን ፍለጋ ሄደ። ካቦው መጋዞቹን በሙሉ የሚያዙ፣ ቁጡ፣ ድምፃቸው ከማሽን በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ። መንገዱን ሙሉ የሚላቸውን ሲያደራጅ ሄደ። «እርስዎ አለቃ ነበሩ፤ እርስዎ የማያውቁት ነገር አልነበረም» ይላቸዋል። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም የባሰ ነገር አዘጋጅቷል።

በሩን የከፈተችለት የልጃቸው ሚስት ናት። ካቦው አልጋቸው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለ፤ ቱቦው አልጋው ግርጌ ከቆመ የኦክስጅን ሲሊንደር ይመጣል። ያ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኗል።

«ዱቄቱ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «የሞትክ መስሎኝ ነበር።»

«አለሁ ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። ከኛ ሰዎች እኮ የቀረ የለም። አስቤስቶስ ቀማሚው ሄደ፣ ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሁሉም ሄዱ። ሁሉም ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ በቃ።» ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሙ። «እኔንም ይኸው፣ እንደ ጎማ በአየር ነው የሚያኖሩኝ።»

ዱቄቱ ያደራጀውን ነገር ሁሉ ተወው። ተቀመጠ። ስለ ድሮው አወሩ። በመጨረሻ እንደምንም ብሎ «ጋሼ፣ ያ ማጠቢያ ክፍል ትዝ ይልዎታል? ከበሩ በስተግራ ያለው» አላቸው።

«ቧንቧ ያለበት? ሲሚንቶ ነበር የሚከማችበት።»

«ለምን ነበር የተሠራው?»

«ሠራተኛው ታጥቦ ልብስ ቀይሮ እንዲወጣ ይሆናል። ሲሠራ እኔ አልነበርኩም። ስመጣ ሲሚንቶ ሞልቶበት ነው ያገኘሁት።» ካቦው ትንሽ አሰቡ። «ማን ይታጠባል፤ ሁሉም ቤቱ ሚስት አለችው።»

«የእርስዎስ ባለቤት?»

«አታውቅም እንዴ? እሷ እኮ ከሞተች ቆየች። ምንም ያልነበረባት ሴት፣ ደረቷ ውሃ ያዘ አሉ። ነቀርሳ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። አልሆነላትም።» በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «የኔ አበሳ ነው መሰለኝ የሷን ቀን ያሳጠረው። ክፉ ነበርኩ፤ ብዙ አናድጃታለሁ።»

ዱቄቱ የካቦውን ሚስት ምን እንደገደላት ያወቀው እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ባሏ ግን እስከዚያች ሰዓት አያውቁም። ልንገራቸው አልንገራቸው ብሎ እጁን እያሻሸ ቆየ። ቱቦውን አየ፤ ሲሊንደሩን አየ። «ነፍሷን ይማር ጋሼ» ብሎ ተነሣ። ሊናደድባቸው ሄዶ፣ ሌላ ሸክም ጨምሮ ተመለሰ።

ሰፈሩ ሲደርስ ደግሞ ዓይኑ ክፉኛ ተከፈተበት። ፋብሪካው በደህናው ዘመን ተሰባሪውንና ጎደሎውን ክዳን ለሠራተኛ በነፃ ይሰጥ ነበር። ሰፈሩ በዚያ ነው የተሠራው። አጥሩ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ፣ የዶሮው ቤት፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ልጆች ስባሪውን እንደ ጠመኔ ይዘው አስፋልት ላይ ሠንጠረዥ ሲሥሉ አየ። ሐኪሟን በሌላ ቀጠሮ ሲጠይቃት፣ ክዳኑ ደህና ሆኖ ከቆመ ብዙም እንደማያሰጋ፣ አደጋው ሲሰበር፣ ሲቆረጥና ሲጠረግ መሆኑን ነግራዋለች። «አይንኩት፤ መንካት ግድ ከሆነም ውሃ ያርከፍክፉበት» ነበር ያለችው።

የእሱም ፊልም በዚያው ቀን ታየ። ሳንባው ላይ ጠባሳ አለ አለችው፤ ካንሰር ግን አይታይም። ጠባሳ መኖሩን ሲሰማ ደስ ያለው ያህል ተሰማው፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከጎረቤት የማሽን ድምፅ ተነሣ። ያን ድምፅ በሕልሙም ቢሆን ይለየዋል። ግንበኛው ጎረቤት ጣሪያውን ወደ ቆርቆሮ ቀይሮ፣ ያወረደውን አሮጌ ክዳን ለአጥር እንዲሆነው በኤሌክትሪክ መቁረጫ እየቆረጠ ነው። ግቢው በጉም ተሞልቷል። የግንበኛው ሚስት እየተነጫነጨች ከገመድ ላይ ልብስ ትሰበስባለች። የአንዱን ልጅ ሸሚዝ አነሣችና ሁለት ጊዜ አየር ላይ አራገፈችው።

ዱቄቱ እንዴት አጥሩን እንደዞረ አያውቅም። ገብቶ የመቁረጫውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ፤ ባልዲ ውሃ አንሥቶ ክዳኑ ላይ ገለበጠው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?» አለ ግንበኛው።

«አትቁረጥ።»

«ምን ማለትዎ ነው? የራሴ ንብረት እኮ ነው።»

«የማንም ይሁን። መርዝ ነው፤ አትቁረጠው። አንቺም ያንን ሸሚዝ ተይው፣ አታራግፊው።»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ግንበኛው ፊቱን ጠራርጎ፣ ሰው ፊት መዋረዱ አናዶት ሳቀ። «እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ሲቆርጡት ኖረው ነው እኔን የሚከለክሉኝ? መርዝ ቢሆን ኖሮ ይኸው ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር?»

«እኔማ ቆሜያለሁ» አለ ዱቄቱ። ድምፁ ሳያውቀው ከፍ አለ። «የምትሞተው እሷ ናት። የኔን ቱታ ስታራግፍ በተነፈሰችው ነው። ካንሰር ነው፤ አትድንም። ሐኪሟ ነግራኛለች።»

የግንበኛው ሚስት ሸሚዙን እንደያዘች ከእሱ ትከሻ በላይ ታያለች። ዱቄቱ ዞር አለ። ሚስቱ በአጥሩ ክፍት በኩል፣ የልጇን ክንድ ይዛ ቆማለች። ጩኸቱን ሰምታ ነው የወጣችው።

«ግባ» አለችው። «ሰው ቤት አትረብሽ።»

ቤት ሲገቡ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሽዋ እስኪመለስ ጠበቀች። ልጅቷ ልትወጣ ስትል «አንቺም ቁጭ በይ» አለቻት።

«መቼ ነው የነገሩህ?» አለች ለባሏ።

«ውጤቱ የመጣ ዕለት።»

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር? ቱታውን ስትሰጠኝ?»

«የት አውቄ።»

«ካላወቅህ ታዲያ ምን ያስደብቅሃል?»

ዱቄቱ መሬት መሬት አየ። «ያንን አጣጠብሽን ስትወጂው…»

«በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ታታልለኛለህ? እኔ እኮ የምሞት መሆኔን ካወቅሁ ቆየሁ፤ ደረቴ ነው፣ ይነግረኛል። ለምን እንደምሞት ግን ያወቃችሁት እናንተ ሁለታችሁ፣ አሁን ደግሞ ጎረቤት በሙሉ። የመጨረሻዋ እኔ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያ ተቆጥታ አይቷት አያውቅም፤ የድሮው ቁጣዋ ሁሌ ሳቅ ነበረበት። «ሂድ ወዲያ» አላለችውም ዛሬ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በድንገት ተመልሳ ዞረች። ልጇን አየች።

«አንቺ የት ነበርሽ?» አለች።

«መቼ?»

«ሳራግፍ። ድንጋዩ ላይ ነበር ቁጭ የምትይው። አይደል? ‹በረዶ ዘነበ› እያልሽ እጅሽን ትዘረጊ ነበር።» የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች። «አባትሽ ደግሞ ያን ወተት በቱታው ኪስ እያመጣ… ተነሺ። ነገ ትታያለሽ። እኔ ሳልሞት ውጤትሽን እሰማለሁ።»

«እማዬ፣ ምንም የለብኝም።»

«እኔም ምንም አልነበረብኝም።»

በማግስቱ የግንበኛው ሚስት ይቅርታ ለመጠየቅ ነው መሰል መጣች። ሕመምተኛዋ ይቅርታውን አልሰማችም፤ አስቀምጣ ስለ ልብስ ነው ያነጋገረቻት። «ባልሽ ግንበኛ ነው፤ ዛሬ ባይቆርጥ ነገ ሌላ ቤት ይቆርጣል። ልብሱ ቤት ሳይገባ ውጭ ይውለቅ። አታራግፊ። ደርቆ አትንኪው። እንዳለ ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ ጭቃም ቢሆን ጭቃ ይሁን። ልጆችሽን አርቂ። እኔ ልብስ ማጠብ አውቃለሁ ስል ነው ይሄን የበላሁት፤ አንቺ አታውቂም ቢሉሽ ይሻልሻል።» ሴትዮዋ ለሌሎቹ ነገረች። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች በየተራ እየመጡ አልጋዋ ሥር ቁጭ ይሉ ነበር። እሷም ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር እያረፈች ያንኑ ትደግምላቸዋለች። አንዳንዶቹ አመኑ። አንዳንዶቹ «ሕመሙ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው» እያሉ ሄዱ፤ በተለይ ቤታቸውን ለመሸጥ ያሰቡት።

ባሏን ግን ብዙ ቀን አኮረፈችው። ሲያጎርሳት ትጎርሳለች፣ ጀርባዋን ሲያሽላት ዝም ትላለች፤ ወሬ የለም። አንድ ቀን ሲያጥባት፣ ክንዷን በፎጣ እያደረቀ ሳለ፣ «ስታጥብ ጣቶቼ መሐል ትረሳለህ» አለችው። ዱቄቱ ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀ። ኩርፊያው በዚያ አለቀ።

የልጅቷ ፊልም ተነሣ። ሐኪሟ ውጤቱን እናትየዋ ተኝታበት ወደነበረው ክፍል ራሷ ይዛው መጣች፤ ያኔ ሕመሙ በርትቶ ሆስፒታል ገብታ ነበር። «ንጹሕ ነው እናቴ። አሁን የሚታይ ነገር የለም» አለቻት።

ሕመምተኛዋ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። «አሁን» አለች።

«አሁን» አለች ሐኪሟም። አልዋሸቻትም። «በየዓመቱ ትታያለች። ቶሎ ከተገኘ የምንሞክረው ነገር ይኖራል። ላይመጣም ይችላል፤ ከተነፈሱት ሰዎች ብዙዎቹ አይታመሙም።»

«በየዓመቱ» አለች እናትየዋ ወደ ባሏ ዞራ። «ሰማህ? ሥራ በዛብኝ፣ ደንበኛ መጣብኝ ትላለች፤ እኔ አውቃታለሁ። ጎትተህ ታመጣታለህ።»

«አመጣታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ውሃው ሲቀዳላት እንኳ ትንፋሹ አልመለስ አለ፤ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው፣ ቁጭ ብላም ነው የሞተችው። ሞቷ ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበር ብሎ ለሚያጽናናው ሁሉ ዱቄቱ «አልነበረም» እያለ ይመልስ ነበር።

ከከተማው ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ሰፈሩን ዞረው አይተዋል፤ ሐኪሟ ደጋግማ ጽፋላቸው ነው። ክዳኑ በባለሙያ ተነሥቶ መቀበር አለበት ብለው፣ በጀት ሲገኝ እንመጣለን ብለው ሄዱ። እስካሁን አልመጡም። ግንበኛው አጥሩን ሳይቆርጥ፣ ክዳኑን እያደራረበ ጨረሰው፤ መልኩ ያስቃል፣ ዱቄቱ ግን ባለፈ ቁጥር እጅ ይነሳዋል። ካቦው ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሟል። ሚስታቸውን ምን እንደገደላት ሳይነግራቸው ሞቱ፤ ደግ አድርጎ ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ አልለየለትም።

ዓመቱ ሲደርስ ልጅቷ እናቷ እንዳለችው ደንበኛ በዛብኝ አለች። ዱቄቱ ሱቋ ሄዶ፣ የስፌት መኪናዋን በሽፋኑ ሸፍኖ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «ማንን ነው የሚያሳክሙት?» ብላ ጠየቀችው።

«ልጄን።»

«ምኗን ታመመች?»

«አልታመመችም» አለ ዱቄቱ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችው። ልጅቷ ተጠርታ ገባች፤ ቆይታ ወጣች። «ምንም የለም አባዬ። ለሚመጣው ዓመት ቀጥረውኛል።»

«እሺ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ትንፋሽ አጥሮት መሐል ላይ ቆመ። ልጅቷ አየችው። ክንዱን ይዛ፣ ሰው እያለፋቸው፣ እስኪመለስለት አብራው ቆመች።